ልጅዎ የሌላውን ሰው ሐሳብ ከራሱ መለየት ጀምሯል? በብይና በሁለት ዕቃ የሚሠራ ፈተና

ማርታ የምትባል አሻንጉሊት ብይዋን ቅርጫት ውስጥ ከትታ ወጣች እንበል። እሷ በሌለችበት ብሩክ መጥቶ ብዩን ወደ ካርቶን አዛወረው። «ማርታ ስትመለስ መጀመሪያ የቱን ትከፍታለች?» ተብሎ ሲጠየቅ የሦስት ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሳያመነታ ካርቶኑን ያሳያል። እሱ ያየውን እሷም የምታውቅ ይመስለዋል። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ግን ቅርጫቱን ይጠቁምና «አላየችማ!» ይላል።

በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ርቀት ባለሙያዎች «ቲዎሪ ኦፍ ማይንድ» ከሚሉት ችሎታ አንዱ ክፍል ነው። ሌላው ሰው የራሱ ሐሳብ፣ ፍላጎትና ዕውቀት እንዳለው፣ ያም ከኔ ሊለይ እንደሚችል መረዳት ማለት ነው። ስያሜውን በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያስተዋወቁት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ፕሪማክና ጋይ ውድረፍ ሲሆኑ፣ ያጠኑት ልጅ ሳይሆን ቺምፓንዚ ነበር። በዚያው ዓመት ፈላስፋው ዳንኤል ዴኔትና ሌሎች አንድ ቀዳዳ አሳዩ። ሰውዬው የሚያስበው ነገር እውነት ከሆነ፣ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ወደ አእምሮው መግባት አያስፈልግም፤ ዕቃው ያለበትን ማየት ይበቃል። የሌላውን ሐሳብ መከታተላችን የሚታወቀው ሰውዬው ሲሳሳት ብቻ ነው። ኦስትሪያውያኑ ሃይንዝ ቪመርና ጆሴፍ ፐርነር በ1983 ይህን ሐሳብ ለልጆች ፈተና አደረጉት። እዚህ የምናሳየው በሁለት አሻንጉሊት የሚሠራው አጭሩ ዓይነት ደግሞ በ1985 ሳይመን ባረን-ኮኸን፣ አላን ሌስሊና ኡታ ፍሪዝ የተጠቀሙበት ነው።

ወላጅም ሆነ የአፀደ ሕፃናት መምህር በ15 ደቂቃ ሊሠራው ይችላል። ቀላል ስለሚመስል ግን አሠሪው ሳያውቀው ያበላሸዋል፤ ከዚህ ቀጥሎ ካለው ጽሑፍ ሰፊውን ቦታ የሚወስደውም ይሄው ነው።

ምን ያስፈልጋል

ሁለት አሻንጉሊቶች፣ አንዷ ሴት አንዱ ወንድ። ይህ ለጌጥ አይደለም። አማርኛ ግሱ ላይ ጾታን ስለሚያሳይ «ትከፍታለች» ሲባል ጥያቄው ስለ ማርታ ብቻ መሆኑን ልጁ ያለ ድካም ይይዘዋል። ሁለቱም ሴት ከሆኑ «የትኛዋ?» የሚል ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ልጁ ቢሳሳት በየትኛው እንደተሳሳተ አይታወቅም። ስሞቻቸውም በድምፅ የተራራቁ ይሁኑ።

ክዳን ያላቸው፣ በመልክ የሚለያዩ ሁለት ዕቃዎች፤ ለምሳሌ ትንሽ ቅርጫትና የጫማ ካርቶን። ከውጭ ውስጣቸው መታየት የለበትም። አንድ ብይ፣ ብይ ከሌለ ትንሽ ኳስ። ለሁለተኛው ጨዋታ ባዶ የክብሪት ሳጥንና ጥቂት ባቄላ።

ልጁ በልቶ፣ ተኝቶ የተነሣበት ሰዓት ይመረጥ። ቴሌቪዥን ይጥፋ። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለ ሌላ ክፍል ይሂድ፤ ቢቀር መልሱን በሹክሹክታ መናገሩ አይቀርም። አያትም ካሉ እንዲሁ፣ «አስበህ መልስ እንጂ!» ማለታቸው ስለማይቀር። አማርኛ በማይነገርበት አገር የሚያድግና ለአማርኛ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ የሚመልስ ልጅ ከሆነ፣ ይበልጥ በሚቀናው ቋንቋ ይሠራ። አለበለዚያ የሚለካው የአማርኛ ችሎታው ነው የሚሆነው።

አንደኛው ጨዋታ፦ የተዛወረው ብይ

ከልጁ ፊት ለፊት፣ ወለሉ ላይ ወይም ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ይቀመጡ። ሁለቱ ዕቃዎች ከልጁ እኩል ይራቁ፣ አንዱ በቀኙ አንዱ በግራው።

1. «ይቺ ማርታ ናት። ይሄ ብሩክ ነው። ማርታ ቅርጫት አላት፤ ብሩክ ካርቶን አለው።» ከዚያ «ማርታ የቷ ናት? ብሩክስ?» ብለው ይጠይቁ። ካልለየ ይድገሙለት፤ ሳይለይ አይቀጥሉ።

2. «ማርታ ብይ አላት። ብይዋን ቅርጫቷ ውስጥ ከተተችና ከደነችው። ከዚያ ልትጫወት ወደ ውጭ ወጣች።» ማርታን በእውነት ከክፍሉ ያውጧት፤ በር ኋላ ወይም ሶፋ ጀርባ። እጅዎ ውስጥ ከቀረች ለልጁ አልሄደችም።

3. «ማርታ በሌለችበት ብሩክ ብዩን ከቅርጫቱ አወጣና ካርቶኑ ውስጥ ከተተው። ካርቶኑንም ዘጋው።» ቀስ ይበሉ፣ ልጁ እጅዎን መከተሉን እያዩ።

4. «ማርታ ተመለሰች። ብይዋን ልታወጣ ነው። መጀመሪያ የቱን ትከፍታለች?» ከዚህ በኋላ ዝም ይበሉ። አሥር ሰከንድ ይጠብቁ። መጠቆምም መናገርም መልስ ነው።

5. መልሱ ምንም ይሁን ምን በተመሳሳይ ድምፅ ሁለት ጥያቄ ይከተል፦ «ብዩ አሁን የት ነው ያለው?» እና «መጀመሪያ ማርታ የት ነበር የከተተችው?»

6. መጨረሻ ላይ «ለምንድነው እሱን የምትከፍተው?» ብለው የሚለውን ቃል በቃል ይጻፉ። ማስታወሻው ላይ የልጁ ዕድሜ በዓመትና በወር ይመዝገብ፤ በዚህ ዕድሜ ስድስት ወር ብዙ ነው።

የአምስተኛው ተራ ቁጥር ጥያቄዎች መዝለል የለባቸውም። ብዩ አሁን የት እንዳለ ወይም በፊት የት እንደነበር ያልያዘ ልጅ አራተኛውን ጥያቄ ቢመልስም ባይመልስም ስለ ሐሳብ መረዳቱ የሚነግረን ነገር የለም፤ ታሪኩ ነው ያመለጠው። እንዲህ ከሆነ ውጤቱን ይሰርዙና ሌላ ቀን በሌላ ዕቃ ይሥሩ።

የሚበላሸው የት ላይ ነው

ዋናው የጥያቄው አነጋገር ነው። ብዙ ሰው ሳያስበው «ማርታ ብይዋን የት ትፈልጋለች?» ይላል። ለአዋቂ ጆሮ ግልጽ ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ ግን «የት እንዲሆንላት ትወዳለች?» ብሎ ሊሰማው ይችላል፤ ግሱ ሁለቱንም ይሸከማልና። «የት መሄድ አለባት?» ደግሞ የባሰ ነው፤ ብዩን ማግኘት ካለባት መሄድ ያለባት በርግጥም ወደ ካርቶኑ ነው፣ ልጁም ትክክል ነው። ከላይ የተጻፈው «መጀመሪያ የቱን ትከፍታለች» የሚለው ይሻላል። «መጀመሪያ» የምትለው ቃል ልጁን እንደምትረዳው ማይክል ሲገልና ካረን ቢቲ በ1991 አሳይተዋል። «መጨረሻ ላይ የምታገኘው የት ነው» ከሚለው ጥያቄ ትለይለታለችና።

«ብዩ የት ያለ ይመስላታል?» ብሎ መጠየቅም ይቻላል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። «ቅርጫቱ ውስጥ ያለ መስሏታል አይደል?» ማለት ግን መልሱን ሰጥቶ መጠየቅ ነው። «መስሏታል» ያለ ሰው ስህተት መኖሩን ነግሯል።

ሁለተኛው፣ ጥያቄውን መድገም። የኛ ልጆች አዋቂ አንድ ጥያቄ ሁለቴ ሲጠይቅ የመጀመሪያው መልስ ስህተት ነበር ማለት እንደሆነ በደንብ ያውቃሉ። ስለዚህ «እስቲ እንደገና፣ የቱን?» ያልነው ልጅ መልሱን ይቀይራል፤ አሠሪው «አየህ፣ ሲያስብበት አወቀው» ብሎ ይደሰታል። የተመዘገበው ታዛዥነቱ ነው። አንድ ጊዜ ይጠይቁ፣ የመጀመሪያውን መልስ ይውሰዱ።

ዓይንም ይናገራል። ጥያቄውን ሲጠይቁ የልጁን ፊት እንጂ ዕቃዎቹን አይዩ። ከመለሰ በኋላም «ጎበዝ!» አይበሉ፤ «እሺ» ይበቃል። ውዳሴው ለሁሉም መልስ እኩል ካልሆነ ቀጣዩን ጨዋታ ያዘነብለዋል።

ሌላው የዕድል ነገር ነው። ዕቃው ሁለት ስለሆነ ምንም ያልገባው ልጅም ግማሽ በግማሽ ዕድል ትክክሉን ይጠቁማል። ሁለት ጨዋታ በግምት አከታትሎ የማለፍ ዕድሉ ከአራት አንድ፣ አራት ጨዋታ ከአሥራ ስድስት አንድ ነው። ስለዚህ በአንድ ጨዋታ «ልጄ አለፈ» ወይም «ወደቀ» አይባልም። በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት፣ በሌላ ዕቃና በሌላ ስም፣ አራት ጊዜ ይሠራ። ብዩ መጨረሻ ላይ የሚያርፍበት ዕቃም ሁለቴ በቀኝ ሁለቴ በግራ ይሁን፤ ሁልጊዜ ወደ ቀኙ የሚጠቁም ልጅ አለ።

አሻንጉሊት የማይገባቸው ልጆችም አሉ። «አሻንጉሊት አያስብም» የሚል ልጅ አልተሳሳተም። ለነሱ በእውነተኛ ሰው ይሠራ። ተመራማሪዎቹ አቪስና ሃሪስ በ1991 ካሜሩን ጫካ ውስጥ ከሚኖሩት ከባካ ሕዝብ ልጆች ጋር የሠሩት እንዲህ ነበር። አንድ ሰው የዱር ማንጎ ፍሬ እያበሰለ ክዳን ባለው ዕቃ ከትቶ ለአፍታ ይወጣል፤ ልጁ እሱ በሌለበት ፍሬውን ወስዶ ሌላ ቦታ እንዲደብቅ ይጋበዛል፤ ከዚያ ሰውየው ሲመለስ የት እንደሚያይ ይጠየቃል። ትልልቆቹ፣ አምስት ዓመት አካባቢ ያሉት፣ አብዛኞቹ በትክክል መልሰዋል። እኛም ቤት ቆሎ በሰሃን ይዞ የሚወጣ አጎት ካለ ይበቃል። ልጁ ራሱ የተንኮሉ ተካፋይ ሲሆን ልቡ አብሮ ይሆናል።

ሁለተኛው ጨዋታ፦ የክብሪቱ ሳጥን

ልጁ ሳያይ ባዶ የክብሪት ሳጥን ውስጥ ባቄላ ይክተቱ። ዘግተው ያሳዩትና «ውስጡ ምን አለ?» ይበሉ። «ክብሪት» ማለት አለበት፤ ካላለ ዕቃውን አያውቀውም፣ ሌላ ይምረጡ። (የብስኩት ቆርቆሮ ግን አይምረጡ። ክርና መርፌ የሚቀመጥበት ቤት ያደገ ልጅ «መርፌ» ብሎ ጨዋታውን ገና ሳይጀመር ይጨርሰዋል።) ከዚያ ይክፈቱትና ባቄላውን ያሳዩት፤ መልሰው ይዝጉ። አሁን ሁለት ጥያቄ፦

«ገና ሳንከፍተው በፊት፣ ውስጡ ምን ያለ መስሎህ ነበር?»

«አበበ ይህን ሳጥን ከፍቶ አያውቅም። አሁን ቢመጣና ቢያየው ውስጡ ምን አለ ይላል?»

የሁለተኛው መልስ «ባቄላ» ከሆነ ከብዩ ጋር አንድ ዓይነት ስህተት ነው። የሚያስገርመው የመጀመሪያው ነው። ከደቂቃ በፊት በገዛ አንደበቱ «ክብሪት» ያለ የሦስት ዓመት ልጅ «ባቄላ ነበር ያልኩት» ብሎ ይከራከራል። አሊሰን ጎፕኒክና ጃኔት አስቲንግተን ይህን በ1988 አሳትመውታል። ልጁ እየዋሸ አይደለም፤ የራሱን የትናንት ስህተትም ልክ እንደ ሌላ ሰው ስህተት ማየት አልቻለም። ስለዚህ አይቆጡት፣ «አላልክም!» ብለውም አይሟገቱት። መልሱ መረጃ ነው።

ቀለል የሚሉ ደረጃዎች

ልጁ ሁለቱንም ካልቻለ ከዚያ በታች ያሉትን ማየት ይጠቅማል። ሄንሪ ዌልማንና ዴቪድ ሊዩ በ2004 ያወጡት መለኪያ አምስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የፍላጎት ልዩነት ይመጣል፦ «አንተ ብስኩት ትወዳለህ፤ ማርታ ካሮት ነው የምትወደው። ለመክሰስ የቱን ትመርጣለች?» ቀጥሎ የግምት ልዩነት፣ ድመቷ ያለችበትን ማንም ሳያውቅ ልጁ «አልጋ ሥር» ሲል ማርታ «ጓዳ» ብላ ታስባለች ይባላል፤ ከዚያ «የት ታያለች?» ሦስተኛው ያላየ እንደማያውቅ መረዳት፣ አራተኛው የክብሪቱ ሳጥን፣ አምስተኛው ከፊት የሚታየውና በሆድ ያለው ስሜት ሊለያይ መቻሉ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቦታ ቢለዋወጡ አይጨነቁ። በቻይናና በኢራን ልጆች ላይ የተገኘው ይሄው ነው፤ ከግምት ልዩነት ይልቅ «ማን ያውቃል፣ ማን አያውቅም» የሚለውን አስቀድመው ይይዛሉ። አጥኚዎቹ ይህን ልጅ በትልልቆች ፊት አስተያየት ከመሰንዘር ይልቅ ዕውቀት እንዲቀስም ከሚጠበቅበት አስተዳደግ ጋር ያያይዙታል።

በዚያች ሰዓት አንጎል ውስጥ

ከቀኝ ጆሮ ከፍና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ፣ ሁለት የአንጎል ክፍሎች የሚገናኙበት ስፍራ አለ። ሬቤካ ሳክስና ናንሲ ካንዊሸር በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ስለ ሌላ ሰው ሐሳብ የሚተርክ ታሪክ ሲያነቡ ይህ ስፍራ በኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ጎልቶ ታየ። ማነጻጸሪያው ብልህ ነበር፦ «የተሳሳተ ፎቶ»። ፎቶ ከተነሣ በኋላ ዕቃው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ ፎቶው አሁንም ድሮ የነበረበትን ያሳያል። ያው ጊዜው ያለፈበት መረጃ፣ ያው ውስብስብነት፤ የጎደለው የሚያስብ ሰው ብቻ ነው። ለፎቶው ታሪክ ስፍራው ያን ያህል አልሠራም። ከሱ ጋር በግንባር ኋላ መሐል ለመሐል ያለው ክፍልና ከኋላ በኩል በሁለቱ ንፍቀ አንጎሎች መካከል የሚገኘው ክፍል አብረው ይሠራሉ።

ሥራው ምን እንደሆነ የሚያሳየው በ2010 የወጣው ሙከራ ነው። ሊያን ያንግና ባልደረቦቿ የዚያን ስፍራ ሥራ በመግነጢስ ለአጭር ጊዜ አወኩና ሰዎቹን ስለ ጥፋት እንዲፈርዱ ጠየቁ፤ አንድ ሰው ሌላውን ሊጎዳ አስቦ ሳይሳካለት ቢቀርስ? ስፍራው የታወከባቸው ሰዎች ለክፉ ሐሳቡ ከወትሮው ያነሰ ክብደት ሰጡ፤ ጉዳት ስላልደረሰ ፍርዳቸው ቀለለ።

ልጆችስ? በ2018 የወጣ ጥናት ከ3 እስከ 12 ዓመት ያሉ 122 ልጆች አጭር የካርቱን ፊልም እያዩ አንጎላቸውን መዝግቧል። ስለ ሐሳብ የሚሠራው መረብ ስለ አካል ስሜት ከሚሠራው መረብ በሦስት ዓመትም ተለይቶ ይታያል፤ ከዕድሜ ጋር ደግሞ ልዩነታቸው እየጠራ ይሄዳል። ስለዚህ ፈተናውን ያላለፈ ልጅ መሣሪያው የለውም ማለት አይደለም። ብዩ ካርቶን ውስጥ መሆኑን ማወቁ ራሱ ካርቶኑን እንዲያሳይ ይገፋዋል፤ ያን ገፍቶ ዝም ማሰኘት የግንባሩ አንጎል ሥራ ነው፣ ያ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚበስል ነው።

ውጤቱን እንዴት እናንብብ

ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመሩት ዌልማን፣ ክሮስና ዋትሰን በ2001 እንዳወጡት፣ ልጆች ግማሽ ያህሉን ጊዜ በትክክል የሚመልሱበት ዕድሜ 3 ዓመት ከ8 ወር አካባቢ ነው፤ ከአገር አገርም ይለያያል። እኛ ለወላጅ የምንለው፦ ከአራት ዓመት በታች መውደቅ ዜና አይደለም፤ በአምስት ዓመት አብዛኛው ያልፋል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ የአምስተኛውን ተራ ቁጥር ጥያቄዎች እየመለሰ፣ በአራት ጨዋታ ሁሉ ካርቶኑን የሚያሳይ ልጅ የሕፃናት ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው።

ጆሮው ከሁሉ በፊት ይታይ። ከሚሰሙ ወላጆች የተወለዱ፣ የምልክት ቋንቋ ዘግይተው ያገኙ መስማት የተሳናቸው ልጆች በዚህ ፈተና ብዙ ይዘገያሉ፤ ምልክት በሚናገር ቤት የተወለዱት አይዘገዩም። የሚጎድለው ስለ ሐሳብ የሚወራ ወሬ ነው እንጂ ማሰቢያው አይደለም።

ስለ ኦቲዝምም ብዙ ይወራል። በ1985ቱ ጥናት የዕድገት ችግር ከሌለባቸው 27 ልጆች 23ቱ፣ ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 14 ልጆች 12ቱ ሲያልፉ፣ ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች ያለፉት 4 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን ግን ገልብጦ ማንበብ ስህተት ነው። 4ቱ አልፈዋል፤ ያላለፈ ሁሉ ደግሞ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። ይህ ጨዋታ የምርመራ መሣሪያ አይደለም፤ ለማንም ልጅ ስም አይሰጥበትም።

እንዲያድግ የሚረዳው

ስለ ሐሳብ በሚወራበት ቤት ያደገ ልጅ ቀድሞ ይደርሳል። በቀን አንድ ሁለት ጊዜ፣ ነገሩ ሲከሰት፣ ምክንያቱን መናገር ይበቃል፦ «አባትህ ዛሬ ትምህርት ያለ መስሎት ነው የቀሰቀሰህ»፣ «እህትህ የወሰድክባት መስሏት ነው የተናደደችው፤ አላየችም እኮ።» «ተናደደች» ብቻ ብሎ መተው ይህን ሥራ አይሠራም።

ማታ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልሰው ልጅ ለዚህ የተመቸ ነው። ጅብ የሚታለልባቸው ተረቶች ሁሉ የተሳሳተ ግምት ታሪኮች ናቸው። ቀበሮዋ ከማታለሏ በፊት ቆም ይበሉና «አሁን ጅቡ ምን መስሎታል? እኛስ ምን እናውቃለን?» ይበሉ። በአንድ ተረት ከሁለት ጊዜ በላይ ማቋረጥ ግን ተረቱን ይገድለዋል።

ድብብቆሽ ደግሞ ነፃ ፈተና ነው። ተደብቆ «እዚህ ነኝ!» የሚል፣ ወይም እርስዎ እያዩት የሚደበቅ ልጅ ገና ነው። ዱካውን አጥፍቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በተሳሳተ አቅጣጫ ጫማውን ጥሎ የሚደበቅ ልጅ ለብዩ ጥያቄም መልስ አያጣም።

ፈተናውን ያለፈ ልጅ ሰባት ዓመት ሲጠጋው አንድ እርከን ይጨምሩበት። ያው ጨዋታ ነው፤ ግን ብሩክ ብዩን ሲያዛውር ማርታ በመስኮት አየችው፤ ብሩክ ማየቷን አላወቀም። ጥያቄው፦ «ማርታ የቱን የምትከፍት ይመስለዋል ብሩክ?» መልሱ ቅርጫቱ ነው። እዚህ ላይ የተደናገረውን ልጅ ለማረም አይቸኩሉ፤ አዋቂም ጥያቄውን ደግሞ ማንበቡ አይቀርም። ካልቻለ ከሦስት ወር በኋላ በሌላ ዕቃና በሌላ ስም ይሞክሩት።